ከበሩ ኋላ የተሰቀሉት ሮማኖች

ወንድሜ ከሞተ በኋላ በቤታችን ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ ነገር ነበር። ከበሩ ኋላ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ፌስታል። ውስጡ ሮማን ነው። ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ ከቆላ ሲመለስ ያመጣው ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ፌስታሉ ይንኮሻኮሻል። እኔ ያንን ድምፅ እፈራው ነበር። ሰው ከበሩ ኋላ ቆሞ የሚተነፍስ ይመስለኛል። ስለዚህ በሩን ቀስ ብዬ መክፈት ለመድሁ። ቀስ ብዬ ስከፍተው ግን የባሰ ይንኮሻኮሻል።

እማዬ ሮማኑን አትጥለውም፤ አትበላውም፤ ሌላ ሰው እንዲነካውም አትፈቅድም። "ልጄን የገደለው እሱ ነው" ትላለች። ይህን ብላ ስታበቃ ደግሞ ፌስታሉ ላይ ያረፈውን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

ስለ ወንድሜ ልጽፍ ብዬ ብዙ ጊዜ ጀምሬ አቋርጫለሁ። አንድ መስመር እጽፍና እጄ ይያዛል። ስለ ሮማን ግን ልጽፍ እችል ይሆናል። ሮማን ጣዕም አለው። ስለ ጣዕም ማውራት ደግሞ እሱ ያስተማረኝ ነገር ነው።

የምንኖረው ደባርቅ ነው። ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት የሚወርደው መኪና ሁሉ በደጃችን ያልፋል። ቤታችን ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እማዬ፣ ወንድሜና እኔ። አባታችን እኔ ሳላውቀው ሞቷል። ከእሱ የቀረን ነገር ከጓሮው ግንብ ጥግ የተከላት አንዲት የሮማን ዛፍ ናት። ደባርቅ ለሮማን የሚሆን አገር አይደለም፤ ብርዱ አይጣል ነው። ግን ግንቡ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ማታ ይመልስላታል መሰለኝ፣ አልሞተችም። ብዙም አላደገችም። በዓመት ጥቂት ፍሬ ትሰጣለች። እሱም ገና ሳይበስል ብርድ ይሰነጥቀዋል።

ወንድሜን ጋሼ ነበር የምለው፤ በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል። የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከደባርቅ ድንችና ገብስ ጭነው ሊማሊሞን ይወርዳሉ፣ ዛሪማ ድረስ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ደግሞ የተገኘውን ጭነው ይወጣሉ። ሲመለስ እጁ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሎሚ፣ ሙዝ፣ አንዳንድ ጊዜ ሸንኮራ። አንድ በጋ ግን ሮማን ይዞ መጣ። ቆላ ያለ አንድ ደንበኛቸው ከጓሮው የለቀመው ነው። በዚያው ሳምንት አክስቴ ከዳባት መጥታ ስለነበር፣ እሷም ከራሷ ግቢ ሮማን አምጥታልን ነበር። የእኛይቱም በዚያን ጊዜ አፍርታለች። ሦስት ዓይነት ሮማን በአንድ ቤት ሲገናኝ ጊዜ ጋሼ አላስችል አለው።

እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንንም ከጓሮው ግንብ ሥር፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠን።

"ዓይናችሁን ጨፍኑ" አለ።

"እኔ ዓይኔን የምጨፍነው ለጸሎት ነው" አለች እማዬ።

"እንግዲያው ጸልዪ። አፍሽን ግን ክፈቺ።"

አክስቴ ሳቀች። "ይሄ ልጅ ሊያስቅ ነው ወይስ ሊያጎርሰን?"

ሮማኑን ሰበረ። ስሰማው ትዝ ይለኛል፤ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ ዓይነት ድምፅ። ከዚያ ፍሬዎቹን በመዳፉ ላይ አራገፈና መጀመሪያ ራሱ ቀመሰ። ጠላ የሚቀዳ ሰው ከመዳፉ ቀምሶ እንደሚሰጠው ማለት ነው። እኔ በጨፈንሁት ዓይኔ አጮልቄ አየሁት።

"ጠጅ መሰለህ እንዴ?" አልሁት።

"የተከበረ ሰው ሳይቀመስለት አይቀርብለትም። በል ጨፍን፣ አትስረቅ።"

መጀመሪያ የሰጠን የእኛይቱን ነው። ፍሬዋ ትንሽ ነው፤ መልኩ የደበዘዘ ሮዝ። አፍ ሲገባ ይጎመዝዛል፤ ምላስን ይይዛል። ሰው ሊተፋት ሲያስብ ግን መጨረሻ ላይ ትንሽ ለዘብ ትላለች። ሣር ሣር የሚል፣ ቀዝቃዛ የሆነ፣ እንዴት ልበለው፣ የጧት አየር ዓይነት ጣዕም ትተዋለች።

"ይቺ የአባታችሁ ናት" አለች እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ። "እንደሱ ናት። መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ቆይታ ትለዝባለች።"

ሁለተኛው የአክስቴ ነበር። የዳባቱ። ፍሬው ነጭ ነው፤ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ያበራል። ኮምጣጣነቱ ጥርስ ያጠርሳል፤ ዘሩም ጠጣር ነው፣ ሲነከስ ይንኮሻኮሻል። እኔ ፊቴን አጨማደድሁ። አክስቴ ተቆጣች።

"ምን ያንገሸግሽሃል? ይሄ እኮ ሆድ ያጸዳል!"

"ሆድ ሳይደርስ ጥርሱን ጨረሰው እንጂ" አለ ጋሼ።

ሦስተኛው የቆላው ነው። ልጣጩ ወፍራም፣ መልኩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ። ፍሬው ትልልቅ ነው፤ ዘሩ ለስላሳ ስለሆነ መኖሩም አይታወቅም። ጣፋጭ ነው፤ ማር ነው። እማዬ ዓይኗን ገለጠች። መዳፏን እንደገና ዘረጋች። እንደገና ሰጣት። እንደገና ዘረጋች።

"አገኘሁሽ!" አለ ጋሼ።

እሱ ግን በቆላው አልረካም ነበር። እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ እንዲህ አለ፦ "ጣፋጭ ብቻ ነው። ከጣፋጩ በኋላ ምንም የለም። አፍህ ላይ ያልቅና ይረሳሃል። የእኛይቱ መጨረሻ ቢኖረው ነበር ደግ።"

ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አልተወውም። ከዚያው ከቆላው ዛፍ ቅርንጫፍ አስቆርጦ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። አናቱ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተከለና ከአባታችን ዛፍ ጎን፣ ከግንቡ አስጠግቶ አስቀመጠው። ሰዉ ሳቀበት። የቆላ ተክል ደባርቅ ላይ!

"ብርዱ ያስተምረዋል" ይላል። "ቆላ ማጣፈጥ አስተምራዋለች። ቀሪውን ደባርቅ ታስተምረዋለች።"

ውርጭ በሚወርድበት ወር ማታ ማታ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ያለብሰዋል፤ ጧት ይገልጠዋል። ቅጠሉ ሲረግፍ እኔ ሞተ ብዬ ደነገጥሁ። እሱ ግን ቅርንጫፉን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አሳየኝ። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነበር። "ቅጠል አትይ። በጥፍርህ ፋቅ አርገህ እይ። አረንጓዴ ከሆነ አለ፣ ቡናማ ከሆነ የለም" አለኝ።

ይህ ሁሉ ደግ ዘመን ነበር። አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ።

ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ጋሼ ወደ ቆላ ተመላለሰ። አንድ ጊዜ ሊሄድ ሲል እማዬ ከደጅ ሆና "ያንን ጥቁሩን ሮማን ካገኘህ አምጣልኝ" አለችው። እኔ ሰምቻለሁ። ተራ ነገር ነው፤ ሳሙና ግዛልኝ እንደማለት ያለ። እሱም አመጣ። ፌስታሉን ከበሩ ኋላ ሰቀለና "ያዘዝሽው መጥቷል፣ እመቤቴ" አላት። ራሱ አንዱን መንገድ ላይ በልቶ ኖሮ ሸሚዙ ላይ ጠብታ ነበረበት። ከዚያ "በረደኝ" አለ። እየሳቀ ነው ያለው። ደባርቅ ላይ ሰው በረደኝ ሲል ማን ይደነግጣል? ጋቢ ደረበ። በላዩ ብርድ ልብስ ደረበ። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ቆይቶ ደግሞ ሁሉንም ገፎ ጣለ፤ ገላው እንደ እሳት ነው። በማግስቱ ሻል አለው፤ ተነሥቶ ማዳበሪያውን ሲያራግፍ አየሁት። ስለዚህ ዳነ አልን። ተመልሶ ሲጥለው ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ወባ ነው አሉን። ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል አሉን። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም።

ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞላ። ጎረቤት እዝን ይዞ ይገባል፣ ይወጣል። እኔ ወንዶቹ ጋ ተቀምጬ ከወዲያ የሴቶቹን ወሬ እሰማ ነበር። አንዷ "ምን በልቶ ነበር?" አለች።

ሌላዋ መለሰች። "የመስከረም ቆላ እሸቱ ነው የሚገድለው። የእኛ አገር ሰው ወርዶ እሸት በቆሎ ይበላል፣ ሸንኮራ ይመጥጣል፣ ወዲያው ንዳድ ነው። ስንቱን አየን!"

እማዬ ከተኛችበት ቀና አለች። ወደ በሩ አየች። ወደ ሚስማሩ። እኔም አብሬያት አየሁ።

ወባ በትንኝ እንደሚመጣ እኔ ተምሬአለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ የትንኟን ሥዕል ሳይቀር ደብተሬ ላይ ሥዬ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር። ያን ቀን የሴቶቹን ቃል ሰምቼ ፌስታሉን ሳይ፣ የተማርሁት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ፈራሁ። ያ ጥቁር ቀይ ነገር እዚያ ውስጥ ሆኖ የሚያየን መሰለኝ።

አንድ ቀን እማዬን በቀስታ፣ "ያን ጊዜም እኮ የቆላውን በልተናል። ምንም አልሆንንም" አልኋት።

"ያን ጊዜ በጋ ነበር" አለች። "ይሄ የመስከረም ነው።"

 ወባም በመስከረም ነው የሚብሰው። የእሷ ሂሳብና የመጽሐፉ ሂሳብ እዚህ ላይ አንድ ሆነብኝ።

ከዚያ ትእዛዝ ሰጠችኝ። አርባው ሳይደርስ ያንን ችግኝ ከጀሪካኑ ነቅለህ ገደል ጨምር አለችኝ። ለአርባው ሰው ይመጣል፣ ልጆች ይመጣሉ፣ ጓሮ ይጫወታሉ፤ "የእኔ ይብቃ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንዳይነካው" አለች።

አልነቀልሁትም። በእምቢታ አይደለም። ልነቅለው ሄጄ እጄን ዘረጋሁና ፈራሁ። መንካቱንም ፈራሁ፣ መንቀሉንም ፈራሁ። ስነካው ንዳዱ ወደ እኔ የሚተላለፍ መሰለኝ። ስነቅለው ደግሞ ጋሼን ሁለተኛ የምቀብረው መሰለኝ። እንዲሁ ቆሜ ተመለስሁ። ማዳበሪያውን ላለብሰው ስል ግን እማዬ ከበረንዳው አየችኝ።

"አታልብሰው። ውርጭ ይውሰደው።"

ውርጭም መጣ። ጧት ስነሣ ጓሮው በአመዳይ ነጭ ሆኖ አየዋለሁ። የአባታችን ዛፍ ለምዳዋለች። የጀሪካኑ ግን ቅጠሉ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ቆሜ አየዋለሁ። ጥፍሬን ወደ ቅርፊቱ አላስጠጋም።

እማዬም እንደዚያው እየደረቀች ነበር። እህል አትቀምስም ብል ይቀለኛል። ጎረቤት እየለመነ ሲያጎርሳት ጉርሻውን አፏ ውስጥ ይዛ ትቆያለች። ትረሳዋለች። እኔ ፊቷን እያየሁ፣ እሷም ብትሄድስ? እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልችልም።

አክስቴ ከዳባት እንደገና መጣች። ለአርባው ልታግዝ ነው። በዘንቢል ከራሷ ግቢ ነጩን ሮማን ይዛ መጥታ ነበር። እማዬ ስታየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"እታለም፣ ይሄ እኮ የእኔው ነው። የደጋ ነው" አለች አክስቴ። "የእኔ ሮማን ጥርስ ያነቅላል እንጂ ሰው አይገድልም።"

"ሮማን አታሳዩኝ።"

"ሮማን ምን አደረገሽ? ልጁን የገደለው ወባ ነው። ሐኪሙ ነግሮሻል።"

"ወባውን ማን አመጣው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! እግዜር ነው እንጂ!"

"እኔ ነኝ" አለች እማዬ።



"አምጣልኝ ያልሁት እኔ ነኝ። ልጁ ሊበላው አላሰበም ነበር። ጥቁሩን አምጣልኝ አልሁት። ምላሴ ነው። ቅምጥል ምላሴ ነው ልጄን ወደ ሞት የላከው።"

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ያኔ ገባኝ። እማዬ ሮማኑን የጠላችው ሮማን ስለሆነ አይደለም። ሮማኑ ገዳይ ከሆነ እሷም ገዳይ ናት። ቀን ከቀን ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ የምታየው ራሷን ነው። ማንም አስረድቶ ሊያወጣት አይችልም። አክስቴ ስለ ትንኝ ብታወራ፣ እኔ ደብተሬን ባሳያት፣ ምንም አይሆንም። አንድ ሰው ሮማኑን በልቶ ካልኖረ በቀር።

 ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ አውቄአለሁ።

ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድሁ። ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ። አንጓውን መፍታት አቃተኝ፤ ቀደድሁት። ሮማኖቹ ልጣጫቸው ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል። አንዱን ወሰድሁ።

"ተው!" አለች እማዬ። "አንተ ልጅ፣ ተው ብዬሃለሁ!"

ሰበርሁት። የድሮው ድምፅ አልወጣውም፤ ቀስ ብሎ ተቀደደ። ፍሬዎቹን መዳፌ ላይ አራገፍሁ። ሳያቸው ጠቁረዋል፣ አንዳንዶቹ ተሸብሽበዋል። እማዬ ከመደቡ ወርዳ በጉልበቷ ወደ እኔ መጣች። ከመድረሷ በፊት አፌ ውስጥ ጨመርሁት።

ጣዕሙን ልነግራችሁ ነበር የጀመርሁት። ግን መጀመሪያ ምንም ጣዕም አልነበረውም። ፍርሃት ምላስን ይዘጋል። የሰማሁት የልቤን ምት ብቻ ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ። ዋጥሁት። እንደገና ዘገንሁ። ያኔ ነው ጣፋጩ የመጣው፤ የድሮው ማር ነው። ከማሩ በኋላ ግን ሌላ ነገር ነበረበት። ቆምጠጥ የሚል፣ ቀዝቃዛ የሆነ መጨረሻ። የቆላው ይህ አልነበረውም።

"እስከ አርባው ካልታመምሁ ችግኙ አይነቀልም" አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

እማዬ መዳፌን ይዛ ባዶውን አየችው። አልመታችኝም። አላለቀሰችም። "ሁለተኛውን ላክሁ" ብቻ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ሰው ፈርቶ የማያውቅ ከሆነ ደባርቅ ላይ ተቀምጦ ብርድ ብርድ እንዳይለው ይሞክር። ጧት ብርድ ነው፣ ጥላ ሥር ብርድ ነው፣ ነፋሱ ከተራራው ሲመጣ አጥንት ይገባል። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ እንደዚህ በርዶኝ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ብርድ ባለኝ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ጀመረኝ እላለሁ። ፀሐይ ላይ ስቀመጥ ደግሞ ይሞቀኛል። ትኩሳት ነው እላለሁ። እማዬ እየመጣች ግንባሬን በእጇ ጀርባ ትነካለች። ትሄዳለች። ተመልሳ ትነካለች። አንድ ነገር ግን አስተዋልሁ። እኔን ለማየት ብላ መነሣት ጀምራለች። "ብላ" ትለኛለች። እኔ እንድበላ ራሷ ትቆርስና ታጎርሰኛለች፤ እኔም መልሼ አጎርሳታለሁ። ትውጠዋለች።

አርባው ሲቃረብ፣ አንድ ጧት፣ ስነሣ ራሴን አመመኝ። ጉሮሮዬ ከርክሮኛል። ከዚያ መንቀጥቀጥ መጣ። የእውነት መንቀጥቀጥ፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ። ልክ እንደሱ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን ያዝሁት፤ አልቆም አለኝ። እማዬ ገብታ አየችኝ።

አልጮኸችም። የቤቱን ጋቢና ብርድ ልብስ ሁሉ አምጥታ በላዬ ጫነች። ከዚያ ከእግሬ ሥር ተንበርክካ ከፈጣሪዋ ጋር መነጋገር ጀመረች። እኔ እሰማታለሁ።

"ንቀለው አልልም። እንዳሻው ይቁም፣ ይደግ። እኔ ምንም አልፈልግም፣ ሮማንም አልፈልግም፣ ምንም አያምረኝም። ይሄን ብቻ ተውልኝ።"

አክስቴ ባጃጅ ይዛ መጣች። ጤና ጣቢያ እስክንደርስ እማዬ እጄን አለቀቀችም። ነርሷ ወጣት ናት፤ ጣቴን ወግታ ደም ወሰደች።

"ቆላ ወርደህ ነበር?"

"አልወረድሁም። ሮማን ግን በላሁ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ሮማን?"

"የቆላ።"

"ሮማን ክንፍ አለው እንዴ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ የእማዬን ጥቁር ልብስ አየችና ሳቋን ቆረጠችው።

ውጤቱን ስንጠብቅ ከግድግዳው ላይ የትንኝ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። እኔ አላየሁትም ለማለት ፊቴን አዞርሁ። ነርሷ ወጣች።

"ወባ የለበትም። ጉንፋን ነው።"

"ጉንፋን ብቻ?" አለች እማዬ።

"ጉንፋን ብቻ፣ እናቴ።"

"ልጄ፣ ደግመሽ እይልኝ። እባክሽ፣ ሮማኑን በልቷል።"

ነርሷ አጠገቧ ተቀመጠች። "እናቴ፣ ምንም ቢበላ ከምግብ ወባ አይመጣም። ትንኝ ናት። ይቺን የምታህል።" የትንሿን ጣቷን ጥፍር አሳየቻት።

እማዬ ጥፍሩን ለረጅም ጊዜ አየች። በባጃጁ ወደ ቤት ተመለስን። ደጃችን ላይ ስንወርድ፣ ለእኔም ለአክስቴም ሳይሆን፣ "ያንን የሚያህል ልጅ? ትንኝ?" አለች። ደግማ "ትንኝ?" አለች። ቁጣዋን የምታሳርፍበት ነገር አጥታ እጇ በአየር ላይ ቀርቶ ነበር።

አርባው ደረሰ። ፍትሐቱ ተፈታ፣ ካህናቱ በሉ፣ ሰዉ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እያለ ወጣ። እኔ ጉንፋኑ ለቆኛል። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ብቻ ቀረን። አክስቴ ዕቃ ታጥባለች። እማዬ ከበሩ ኋላ ሄዳ የተቀደደውን ፌስታል ራሷ አወረደችው። ከአክስቴ ዘንቢል አንድ ነጭ ሮማን አወጣች። ከጓሮ ከአባታችን ዛፍ አንዱን የተሰነጠቀ ፍሬ ቀጥፋ መጣች። ሦስቱን ትሪ ላይ አደረገችና ከግንቡ ሥር፣ ያኔ ጋሼ ካስቀመጠን ቦታ ላይ ተቀመጠች።

"ቅመስልኝ" አለችኝ።

የአባታችንን ሰበርሁ። በመዳፌ ቀምሼ ሰጠኋት። የአክስቴን ቀምሼ ሰጠኋት፤ ፊቷ ተጨማደደ፤ አክስቴ ከወዲያ "ሆድ ያጸዳል!" ብላ ጮኸች። ከዚያ የቆላውን።  ፍርሃቱ አልተወኝም ነበር፤ አሁንም የተወኝ አይመስለኝም። ቀመስሁ። እማዬ አፌን አየች፣ ጉሮሮዬን አየች። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች።

ቀስ ብላ አላመጠችው።

"ጣፋጭ ብቻ አይደለም" አለች። "መጨረሻው የአባታችሁን ይመስላል።"

እኔም ያንኑ ቀምሼ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ከበሩ ኋላ በደባርቅ ብርድ ተሰቅሎ ሲከርም የመጣበት ይሆናል። ወይም መበላሸት ሲጀምር ያለው ጣዕም ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። 

"አገኘው" አለች። ማን እንዳገኘው አልተናገረችም። መዳፏን እንደገና ዘረጋች።

ፀሐይዋ ከግንቡ ላይ ስትወርድ ሰማዩ አንድም ደመና አልነበረበትም። እንዲህ የጠራ ቀን ደባርቅ ላይ አስፈሪ ነው፤ ማታውን ውርጭ ይወርዳል። እማዬ ተነሥታ ወደ ጀሪካኑ ሄደች። ችግኙ አንድም ቅጠል አልቀረውም። ደረቅ ጨንገር ነው።

"ሕያው ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"አላየኸውም?"

"ፈርቼ።"

አጎንብሳ በአውራ ጣቷ ጥፍር ከሥሩ አካባቢ ቅርፊቱን ፋቀች። ጋሼ ይህን ሲያደርግ አይታው ኖሯል። እኔ አላየሁም፤ ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ነበር። የፋቀችበትን ድምፅ ብቻ ሰማሁ።  ከዚያ ዞርሁ።

ጥፍሯን ወደ እኔ ዘርግታ ነበር። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነገር ነበረበት።

"ምን ትገተራለህ?" አለችኝ። "ማዳበሪያውን አምጣ እንጂ። ሊመሽ ነው።"